ሲባጎ፣ ባት እና ነጭ ቦት ጫማ

ጥቅምት 6

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጋሼስ እንዴት ናቸው? ሱቁስ፣ ያቺ የምታንኮራፋ የስፌት መኪናሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ። መልስ ሳልሰጥሽ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጥፋቱ የእጄ ሳይሆን የእግሬ ነው፤ አሁን ትደርሽበታለሽ።

«የምን ሩጫ ነው በዚህ ዕድሜ? ማን ያባርርሻል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህን አንድ ክፍል አብራኝ ለምትኖረው ጓደኛዬ ለትሮምቦን ነፊዋ ጮክ ብዬ ባላነበብኩላት ይሻል ነበር። ይኸው ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ሳስር «ፍጠኚ፣ መጡልሽ!» እያለች ታስቀኛለች።

ማንም አያባርረኝም እታለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከማርሽ ባንዳችን ፊት እየሄዱ ያንን የብር ዱላ የሚያሽከረክሩት አንጋፋው መሪያችን በየካቲት መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። አለቃችን፣ ያ አንቺ «ሻምበል ፉጨት» ያልሽው፣ ባለፈው አሰልፎን «በእሳቸው ቦታ መሞከር የሚፈልግ እጁን ያውጣ» አለ። የማን እጅ ብድግ አለ መሰለሽ? የኔ! እኔው ራሴ እጄን አይቼ ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ከትልቁ ከበሮ ጀርባ ተደብቄ ሁለት የነሐስ ክዳን ሳጋጭ የኖርኩ ሴትዮ!

ሳቁ። ባለ ከበሮው «ዳገቱ ላይ ማን ሊገፋት ነው?» አለ። የምናደደው እውነቱን ስለሆነ ነው። ከገበያው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወጣውን ዳገት ባለፈው ሰልፍ ስንወጣ ትንፋሽ አጥሮኝ ሲምባሉን ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ነው ያጋጨሁት። አንድ ሕፃን አለቀሰ።

ስለዚህ ሩጫ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ከአንዱ የመብራት ምሰሶ እስከ ሁለተኛው ሮጬ ሦስተኛውን አቅፌ ቀረሁ። አሁን ግን የወንዙን ዳር ሙሉ እዞረዋለሁ! ቀበቶዬ ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ አወጣሁ። ፊቴን ብታዪው አትለዪኝም።

ችግሩ ከጉልበቴ በታች ነው። መሪ የሚሆን ሰው እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ቦት ጫማ ያደርጋል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ከአጭር ጉርድ ጋር። እኔ ደግሞ ተማሪ ቤት «ምሰሶ» ብለው ከሰየሙኝ ወዲህ ባቴን ከራሴ መስታወት በቀር ያየው የለም። የእማዬ ባት! ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ ዚፑ መሀል ላይ ይቆማል። አንዱ ሻጭ ሲጎትት ሲጎትት ላብ አጠመቀውና «እህቴ፣ ለምን ጃንጥላ አልሸጥልሽም?» አለኝ። አለቃችን ደግሞ «ልብሱ ያልተሟላ ሰው ዱላዬን አይነካም» ብሏል። ቦት ጫማ ከሌለ ፈተናም የለም፤ ተመልሼ ከከበሮው ጀርባ ነኝ።

ጫማ ሰፊ ባል እያለሽ ሱቅ ለሱቅ መዞሬ! ጋሼ ይሠሩልኝ ይሆን? ደግሞስ እውነቱን ንገሪኝ፦ ሩጫ እግር ያቀጥናል ወይስ ያወፍራል? ትሮምቦን ነፊዋ «የሯጭ እግር እንደ ዳቦ ይነፋል» ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። አንቺ የስንቱን ሰው እግር ለክተሻል።

በሱቁ ስልክ እንዳትደውይልኝ። ስናወራ ወረፋ የያዘው ደንበኛ ሁሉ አስተያየት ይሰጣል።

ታናሽሽ


ጥቅምት 15

ለሚጣዬ፤

ደብዳቤሽን ሳነብ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሰውዬ «መርዶ ነው?» እስኪለኝ ድረስ በሳቅ አለቀስኩ። ሕፃኑን አስለቀስሽው? ምን አጠፋሽ፣ እሱም ለሙዚቃ ይዘጋጅ።

ለጋሼሽ ነገርኩት። «ይሠራል» አለ። በቃ። ታውቂዋለሽ፣ አፉ ውስጥ ሁልጊዜ ሚስማር ስላለ ከአንድ ቃል በላይ አይወጣውም። ግን ያን ዕለት ከሰዓት ነጭ ቆዳ ሲያገላብጥ አይቼዋለሁ።

ስለ እግሩ ጉዳይ አዋቂ ጠይቄልሻለሁ። የስፖርት መምህሩ ቱታ ሊያሰፋ መጥቶ ነበር፤ ክንዱን ዘርግቶ እንደቆመ ያዝኩት። ክንዱን የዘረጋ ሰው መሸሽ አይችልም። እንዲህ አለኝ፦ የሚከሳ ሰው ከየት ልክሳ ብሎ አይመርጥም። አንዱን ፊቱ ላይ፣ አንዱን ሆዱ ላይ ይጀምረዋል፤ እግር ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ረጋ ያለ ረጅም ሩጫ እግር አይነፋም፤ ስቡ እየቀነሰ ሲሄድ ጡንቻው ይጠነክራል። መጀመሪያ ሰሞን ጡንቻው ስለሚደክም ውኃ ይቋጥርና ያበጠ ይመስላል፤ ያልፋል። «ባት ግን አብዛኛው ጡንቻና አጥንት ነው፤ ከባት ብዙ አትጠብቂ» አለኝ። ባት ሲል ወደ ታች ወደ እኔ ባት አየ። መርፌ በእጄ መሆኑን ሲያስታውስ ቀና አለ።

እንግዲህ ልክሽን ላኪ። ቁጥር ግን እንዳትልኪልኝ! ባለፈው ሜትሩን በተሳሳተው በኩል አንብበሽ የሰፋሁልሽ ጉርድ ዛሬ የሬድዮናችን ልብስ ነው። እንደ እማዬ አድርጊ፤ በሲባጎ። ጠዋት፣ ሳትሮጪ፣ ቆመሽ፣ የወፈረው ቦታ ላይ አዙሪውና የተገናኘበት ላይ ቁረጪ። ወገብ አንድ ቋጠሮ፣ ጭን ሁለት፣ ባት ሦስት። ክር በስልክ አይላክም፤ ስለዚህ እንዳልሽው በደብዳቤ እንቀጥላለን።

እግረ መንገዴን፣ ለሩጫ ምን ዓይነት ጫማ ነው የምታደርጊው? መጀመሪያ ሰሞን ጉልበትሽን አላመመሽም? አንዲት ደንበኛ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።

እታለም


ኅዳር 2

ለእታለም፤

ሦስቱ ሲባጎዎች እዚሁ ፖስታ ውስጥ አሉ። ትሮምቦን ነፊዋ ስትለካኝ ኮርኩራኝ በሳቅ ወደቅን፤ ሁለተኛው ትንሽ ቢቆሽሽ ወለሉ ላይ ስለነበር ነው።

ለደንበኛሽ እንዲህ በያት፦ ጫማው ሶሉ ወፈር ያለ፣ ከፊት ለጣት የአንድ አውራ ጣት ያህል ቦታ ያለው ይሁን። ጉልበት መጀመሪያ ያማርራል። ትንሽ ሩጪ፣ ትንሽ ተራመጂ፣ እንደገና ሩጪ፤ ማውራት እስከቻልሽ ድረስ ብቻ ፍጠኚ። እኔና ጓደኛዬ ሰው እያማን ነው የምንሮጠው፤ ትንፋሽ ካጠረን ሐሜቱ ይቋረጣል፣ ሐሜቱ ከተቋረጠ እንቀዘቅዛለን።

ሐሜት ካነሳን ዘንዳ፣ ባለ ከበሮው ወንዝ ዳር መምጣት ጀምሯል። «እኔም ልሮጥ» አለ። በተወለወለ የቆዳ ጫማ! አንድ ዙር ሳይሞላ ተቀምጦ ጫማውን በመሐረብ ሲጠርግ አገኘነው። ምን ፈልጎ ነው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አላውቅም።

የሚሳመውን ሁሉ ሳሚልኝ።

ታናሽሽ


ጥር 10

ለእታለም፤

ጋሼ «እግሩ ገና ሥራ ላይ ነው፤ አሁን አልቆርጥም» ማለታቸው መጀመሪያ አናዶኝ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ልክ ናቸው! እንደገና ለክቼ ልኬልሻለሁ፤ ክፈቺውና እዪ።

ሲባጎው ስላለቀብኝ ትሮምቦን ነፊዋ ከምትሠራው ሹራብ የተረፈ ክር ሰጠችኝ። ቀይ ነው፣ ለስላሳ፣ ሲያዩት የሚያምር። እንዳይንሸራተት ጠበቅ አድርጌ ነው የያዝኩት፤ አይኮሰኩስም፣ አያስቅም፣ ሥራው ቶሎ አለቀ። ከጨረስኩ በኋላ የባቴን ክር መዳፌ ላይ ዘርግቼ «ይቺ የኔ ናት?» አልኩ።

ትንፋሼ ሌላ ታሪክ ነው። ትናንት ዳገቱን እየዘፈንኩ ወጣሁት። እየዘፈንኩ እታለም! አንጋፋው መሪያችን ከመስኮት አይተው ኮፍያቸውን ብድግ አደረጉልኝ።

ለመሪነቱ የተመዘገበ ሌላ ሰው አለ ወይ ላልሽኝ፣ አለ፤ ፍሉት ነፊው። እግሩ እንደ ፍሉቱ ነው። ማንኛውም ሱቅ ገብቶ የፈለገውን ቦት ጫማ አድርጎ ይወጣል። እሱን ሳይ ድሮ እቀና ነበር፤ ዛሬ ግን ቀዩን ክሬን አይቼ ሳቅሁ።

ደንበኛሽ ግን አልበዛችም? ባለፈው ጫማ፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ አሁን ደግሞ «ጭን ከጭን ሲፋተግ ምን ይደረጋል» ትላለች። ረጅም ቁምጣ ሰፊላት፤ ልብስ ሰፊ አይደለሽ እንዴ!

ታናሽሽ


ጥር 19

ሚጣዬ፣ የኔ ቆንጆ!

ተአምር ነው! የድሮውን ሲባጎ ከጠረጴዛው በአንድ ወገን፣ ቀዩን ክር በሌላው ወገን ዘረጋሁ። ወገብሽ ከነጭራሹ ጠፍቷል። ጭንሽ ወርዷል። ባትሽ ሦስት ጣት ሙሉ! ሱቁ ውስጥ የነበረውን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ፤ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣው የአውቶቡስ ሹፌር እንኳ አጨበጨበልሽ። ይቅርታ፣ የማን ባት እንደሆነ ሳልነግራቸው አልቀረሁም።

ስፖርት መምህሩ ብቻ ነው ራሱን ያከከው። «ባት? በዚህን ያህል ጊዜ? ሦስት ጣት?» አለ። «እኛ ቤተሰብ ስንጀምር እንዲህ ነን» አልኩት።

ጋሼሽ ቆዳውን ቆረጠ። ትናንት ጨረሰው፤ እንደዚህ ያለ ሥራ ከእጁ ሲወጣ አላየሁም። አፍንጫው ላይ ማስቲሽ ተለጥፎ ነው ያደረው። ጫማውን ነገ በአውቶቡስ ሹፌሩ እልከዋለሁ። ስታደርጊው ዚፑ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ ጻፊልኝ፤ እሱን ነው የምጠብቀው።

አንድ ጥያቄ፦ ቀዩ ክር ከየት ነው የሚገዛው? የሚመች ይመስላል። ለልኬት ማለቴ ነው።

እታለም


ጥር 29

ለእታለም፤

ጫማው ደርሶኛል። እንዴት ያምራል መሰለሽ፤ ጠረኑ፣ ስፌቱ፣ ውስጡ ያለው ገበር። ለጋሼ ጉልበታቸውን ስሜላቸዋለሁ በያቸው። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።

ዚፑ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። የዚፑን ድምፅ ጻፊልኝ ብለሽኝ ነበር፤ ድምፅ የለውም።

ትሮምቦን ነፊዋ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሞከርን። አልጋ ላይ ተኝቼ ሞከርን። ቀዩ ክር ከተለካ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ ስለዚህ ያ «እንደ ዳቦ ይነፋል» የተባለው ደርሶብኛል ማለት ነው። በሮጥኩ ቁጥር ሆዴን ወስዶ ባቴ ላይ አስቀመጠው። ሩጫውን ከትናንት ጀምሮ ትቻለሁ። ለአለቃችን ግን ገና አልነገርኩትም። ከከበሮው ጀርባ ደግሞ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ ጥላ አለው።

ሳልጽፍልሽ ሁለት ቀን የቆየሁት አለቅስ ስለነበር ነው፤ ይቅርታ።

ታናሽሽ


የካቲት 4

ሰላምታው ይቆየን!

ጫማሽን እሰሪ! አሁኑኑ! እግርሽ አላበጠም፤ ክሩ ነው የተሳበው!

እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቂኝ፤ ሌላ ጊዜ። ብቻ ከዚያ ሹራብ የተረፈ ክር ካለሽ ያዢና ሳቢው። ይሳባል፣ አይደል? ልቀቂው። ይሰበሰባል! አንቺ እንዳይንሸራተት ብለሽ ጠበቅ አድርገሽ አዞርሽው፤ ባትሽ ላይ ተለጥጦ ከቆረጥሽው በኋላ ተመልሶ አጠረ። እኔ ጅሏ ደግሞ ያጠረውን ክር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጭብጨባ አሰባሰብኩ። ስንት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ፣ ሹራብ እንደሚሳብ ጠፍቶኝ ነው? ደስታው ነው ያሳበደኝ። ጋሼሽም የኔን ፊት አይቶ ነው የቆረጠው።

ስለዚህ ባትሽ ሦስት ጣት አልቀነሰም፣ ሦስት ጣትም አልጨመረም። ክሩ ብቻ ነው ወዲያና ወዲህ ያለው።

ሲባጎ አብሬ ልኬልሻለሁ፤ አለቀ የሚል ሰበብ አልሰማም። ነገ ጠዋት ለኪና ቦት ጫማውን ጨምረሽ ለአውቶቡስ ሹፌሩ ስጪው። ፈተናው ሳምንታት እንጂ ወራት አልቀሩትም። እሱን ሰጥተሽ ስትመለሺ ደግሞ ሩጪ! ጥላ አለው አለችኝ እኮ! ጥላ የሚፈልግ ሰው ጃንጥላውን ይግዛ።

እታለም


የካቲት 9

ለእታለም፤

ሳብኩት። ተሳበ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እየሳብኩ እየለቀቅሁ እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ትሮምቦን ነፊዋ «ለሹራቤ የመረጥኩት ስለሚሳብ ነበር እኮ፤ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለችኝ። ትራስ ወረወርኩባት።

ሲባጎዎቹም ጫማውም ይኸው። በዚህኛው ጊዜ አላጠበቅሁትም፣ አላላሁትም፤ እንደ እማዬ፣ ጣት ከሥሩ አሳልፌ። ውጤቱን ሳላየው ነው ፖስታ ውስጥ የከተትኩት፤ አንቺ እዪውና ምንም ይሁን ምን አትደብቂኝ።

ሮጥኩ። ከስንት ቀን ዕረፍት በኋላ እግሬ ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ የናፈቀው መስሎ ይዞኝ በረረ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ እታለም፦ ባቴ አንድ ክር ባይቀንስም ሩጫውን መተው አልፈልግም። ይህን ለጋሼ እንዳትነግሪያቸው፤ ጫማውን እንዳይተዉት።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። ቀይ የሹራብ ክር ይዘሽ ምን ስታደርጊ ነበር?

ታናሽሽ


የካቲት 16 ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በጥድፊያ

ለሚጣዬ፤

ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። ቆይ።

መጀመሪያ ውጤቱ። ሲባጎን ከሲባጎ ጋር አስተኛሁት፤ የጥቅምቱን ከየካቲቱ። ወገብሽ አንድ መዳፍ ሙሉ ቀንሷል፤ ይህ እውነተኛው ነው። ጭንሽ ሁለት ጣት። ባትሽ... አትደብቂኝ ስላልሽ አልደብቅሽም። የጥፍር ውፍረት ያህል ወርዶ ይሆናል፤ እሱም ሲባጎውን የቆረጠው መቀስ ሊሆን ይችላል። ባትሽ ያው ባትሽ ነው። ስፖርት መምህሩ «እንዲህ ብትዪኝ አምንሻለሁ» ብሎ ደስ አለው።

ከዚያ የእማዬን የቁልፍ ቆርቆሮ ከፈትኩ። የቤተሰቡን ልክ ሁሉ እዚያ ነበር የምታስቀምጠው፤ የራሷም አለ። ያንቺን የባት ሲባጎ ከእሷው ጋር አገጣጠምኩት። አንድ ናቸው ሚጣዬ። ጫፍ ለጫፍ። ዕድሜ ልኳን የስፌት መኪናውን ፔዳል ስትረግጥ የኖረች ሴት ባት ናት፤ እኛን ያሳደገች። ሁለቱን ሲባጎዎች ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሼሽም የአፉን ሚስማር አውጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ጫማሽን ፈትቶታል። የኋላውን ስፌት ከላይ እስከ ታች ተረተረና ትርፍ ቆዳ አስገባበት። ነጭ ቆዳ ስላለቀበት ቀይ ነው ያስገባው። «ሰው አያየውም?» ብዬ ተጨነቅሁ። «ይታይ» አለኝ።

ነገ በጠዋት አውቶቡስ ይደርስሻል። የዚፑን ድምፅ አሁንም እየጠበቅሁ ነው።

እታለም


የካቲት 29

ለእታለም!!

ዚፕፕፕ! ሰማሽው? ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፣ አንዴም ሳይቆም! ሁለተኛውም! ትሮምቦን ነፊዋ ጆሮዋን አስጠግታ «እንደገና» ብላ ሦስቴ አስከፈተችኝ።

ከየት ልጀምርልሽ? ፈተናው ትናንት ነበር። ባንዱ በሙሉ፣ ከገበያው እስከ ማዘጋጃ ቤቱ፤ ግማሹን መንገድ ፍሉት ነፊው እየመራ፣ ግማሹን እኔ። ዳገቱ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ሲወጣ ለእኔ ደረሰ። ባለ ከበሮው አንገቱን ደፋ።

ምስኪኑ ፍሉት ነፊ! እግሩ ቀጭን ስለሆነ ቦት ጫማው አልያዘውም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ካልሲ ወደ ታች ይሰበሰባል። ጎንበስ ብሎ ሊስበው ሲል ዱላው ከእጁ አመለጠና አንድ የድንች ከረጢት ላይ ተተከለ። ስለ ቀጭን እግር ስቀና የኖርኩት ለዚህ ነበር?

ከዚያ የኔ ተራ። ጉርዱ ነፋስ አስገባብኝ፤ ጉልበቴ ፀሐይ ካየ ስንት ዘመኑ! ዱላውን አነሳሁ፣ ጀመርን። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ከአውቶቡስ ፌርማታው አንድ ሰው ምን ብሎ ቢጮህ ጥሩ ነው? «እግር እንዲህ ነው! ምሰሶ ነው እንጂ!»

ምሰሶ! ያቺኑ ቃል! ድሮ ብሆን መሬት ትዋጠኝ እል ነበር። ፌርማታው በሙሉ አጨበጨበ። እኔ ደግሞ ትንፋሽ ተርፎኝ ስለነበር ምን አደረግሁ? ዱላውን ወደ ላይ ወረወርኩት። ልምምድ ላይ ደፍሬ ወርውሬው አላውቅም! እየተሽከረከረ ወጣ፣ ወጣ፣ መጣ፤ ያዝኩት። እንዴት እንደያዝኩት አትጠይቂኝ፤ እጄን ጠይቂው።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ስንደርስ አንጋፋው መሪያችን ኮፍያቸውን አውልቀው «እስካሁን የት ነበርሽ?» አሉኝ። «ከከበሮው ጀርባ» አልኳቸው። ዱላውን ልመልስላቸው ስዘረጋ ወደ እኔ ገፉት። «ያንቺ ነው» አሉ። ሻምበል ፉጨት አንድ ረጅም ፉጨት አፏጨ። በእሱ ቋንቋ ይህ ንግግር ነው።

ጋሼን ይህን ንገሪያቸው፦ ባንዱ በሙሉ ከኋላዬ ሆኖ የሚያየው ያንን ቀይ ቆዳ ነው። ባለ ከበሮው መጥቶ «ዓይኔን ከቀዩ ላይ ሳልነቅል ነው ዳገቱን የጨረስኩት» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት በሚቀጥለው ሳገኝሽ እንጂ በደብዳቤ አይጻፍም። ብቻ ትክክለኛ የሩጫ ጫማ ገዝቷል።

የአንቺ ተራ ነው። ቀዩ ክር። አመለጥኳት ብለሽ እንዳታስቢ!

ምሰሶሽ


መጋቢት 8

ለምሰሶዬ፤

ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዱላው ወደ ላይ ሲወጣ ቁልፍ አስተካዩ ሹፌር ዓይኑን ጨፈነ። ጋሼሽ ሰምቶ እንደጨረሰ «ያዘችው» አለና ወደ ጓዳ ገባ። ፊቱን ሊታጠብ ነው ብሏል። እኔ ምን አገባኝ፣ ይታጠብ።

እሺ። ይቅርታ አድርጊልኝና ልንገርሽ።

ያቺ ደንበኛ የለችም። ጫማውንም ጉልበቱንም የጭኑንም ነገር የጠየቅሁሽ ለራሴ ነው። በጥቅምት ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። ከደረጃው ጫፍ ስደርስ ማቃሰቴን ሰምቶ ሚዛን ላይ አወጣኝና «ወይ ተንቀሳቀሺ፣ ወይ በየወሩ እንተያይ» አለኝ። መልኩ ደግሞ በየወሩ የሚያዩት ዓይነት አይደለም። «ማን ያባርርሻል?» ብዬ ስቄብሽ እኔም ጀመርኩ እንዴት ልበልሽ? ስለዚህ ደበቅሁሽ። ጠዋት ጠዋት የተማሪ ቤቱን ሜዳ እዞራለሁ። ጋሼሽ ሹራቤን ይዞ ዳር ይቆማል፤ ባጠገቡ ሳልፍ «ቀጥይ» ይለኛል። በየዙሩ አንድ ቃል።

ቦት ጫማውን ከላክሁልሽ በኋላ ቀዩ ክርሽ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ ነበር። ቋጠሮውን ፈታሁና እስቲ ብዬ በራሴ ባት ላይ አዞርኩት፤ ጠበቅ አድርጌ። ከሳምንት በፊት ከለካሁበት ሲባጎዬ ጋር ሳስተያየው ባቴ በአንድ ሳምንት ከስቶ ከስቶ ሊያልቅ! እልል ብዬ ጋሼሽን ከቁርሱ አስነሳሁት። ክሩን ተቀበለኝ፣ በሁለት እጁ ያዘና ሳበው። «ይሳባል» አለኝ። ገና አፌን ሳልዘጋ የአውቶቡስ ሹፌሩ ያንን የጥር መጨረሻውን ደብዳቤሽን ይዞ ገባ። እንግዲህ ያንቺን ባት ያዳነው የኔ ጉራ ነው።

አሁን ፖስታውን ገልብጪው፤ አንድ ሲባጎ ይወድቃል። አራት ቋጠሮ ያለው የእኔ ባት ነው፤ ዛሬ ጠዋት፣ ሳልሮጥ፣ ቆሜ። ስለሰፋኝ ቀሚሴን ሁለት ቦታ አጥብቤዋለሁ፣ ደረጃውንም ሳላቃስት ወጥቼ ሐኪሙን አስደንግጬዋለሁ። ባቴ ግን ካንቺው ጋር ጫፍ ለጫፍ ነው፤ ከእማዬም ጋር። እኛን ሴቶች በዚህ በኩል የሚቀንሰን አልተገኘም።

የክረምቱ መግቢያ ሰልፋችሁ ላይ እመጣለሁ። ከኋላችሁ ሆኜ እስከ ዳገቱ ጫፍ ልወጣ ነው፤ እየሮጥኩ። ሰው ካየኝና «ማን ያባርራታል?» ካለ፣ መልሱን አሁኑኑ እወቂው። ማንም አያባርረኝም። እኔ ነኝ አንቺን የማባርረው፤ እስክደርስብሽ ቀስ በይልኝ።

እታለም